በበረዶ ቀዳዳ አሳ ማጥመድና የእኛው ሐይቅ፦ ክሩን ቀጥ አድርጎ ማውረድ ሎጎ ላይ ያዋጣል?

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ። በብርዳም አገር የሐይቁ ፊት በረዶ ሲሠራ ሰዎች በላዩ ተቀምጠው፣ ቀዳዳ ሰርስረው፣ ትራውትና ዋይትፊሽ የሚባሉ አሳዎችን ሲያወጡ በስልኩ ያላየ የለም። ዘንጋቸው ክንድ ያህል ነው። ክሩም አይወረወርም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። እዚያ በትክክል የሚሠሩት ምንድን ነው? ሐይቅ ላይ (ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን፣ ሎጎ የሚባለውን ማለቴ ነው) ከጀልባ ሆኖ ያንኑ መሞከር ያዋጣል ወይ? የተያዘው አሳስ ደሴና ኮምቦልቻ እስኪደርስ እንዴት ይቆያል? «ሞክረህ እየው» የሚል መልስ አልፈልግም፣ ቁጥር ስጡኝ።

ከደሴ_ወዲያ (ካናዳ)

አብሽር፣ ቁጥር ከሆነ የፈለግኸው ሞልቷል።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ዋይትፊሽ ቃል በቃል «ነጭ አሳ» ነው፤ እኛ አገር በዚያ ስም የሚጠራው ግን ሌላ ዘር ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ። ዋይትፊሽ የትራውት ዘመድ ነው። አፉ ትንሽና ስስ ነው፣ ወደ ታች ያዘነበለ፤ ከሐይቁ ወለል ቀንድ አውጣና የነፍሳት እጭ እየለቀመ ይኖራል። የሐይቅ ትራውት አዳኝ ነው፣ ሌላ አሳ ይበላል። አንድ ሐይቅ ውስጥ ቢኖሩም በአንድ ዕቃ አይያዙም።

በረዶው ይቅደም። ጥርት ያለ፣ ከላይ ሲታይ ጥቁር የሚመስል በረዶ ለእግረኛ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር መወፈር አለበት። ለበረዶ ሞተር ከ12 እስከ 18፣ ለትንሽ መኪና ከ20 እስከ 30 ይፈለጋል። ነጭና አረፋ የቋጠረ በረዶ ጥንካሬው ግማሽ ስለሆነ ቁጥሩን እጥፍ አድርጉት። ወንዝ የሚገባበት፣ ምንጭ የሚፈልቅበት፣ ሸምበቆ የበቀለበት ቦታ ሁልጊዜ ስስ ነው። ስለዚህ እንደ ዲጂኖ ያለ የብረት ዘንግ ይዘው፣ በየሁለት ሦስት እርምጃው ከፊታቸው እየወጉ ነው የሚሄዱት። አንገታቸው ላይ በገመድ የታሰሩ ሁለት አጫጭር ሹሎችም አሉ፤ በረዶው ቢከዳ ጠርዙን ቆንጥጦ ለመውጣት ናቸው። እርጥብ በረዶ በባዶ እጅ አይያዝም።

ቀዳዳው በጠመዝማዛ መሰርሰሪያ ይበሳል። ለዋይትፊሽ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል፣ ለሐይቅ ትራውት ግን ከ20 እስከ 25። ፍርፋሪው በወንፊት ጭልፋ ይጠረጋል። ከዚያ መንጠቆው ላይ እርሳስ አንጠልጥለው እስከ ወለል ያወርዱና ጥልቀቱን ይለካሉ፣ ክሩ ላይም ምልክት ያደርጋሉ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ በግምት ነው የሚያጠምደው።

ለዋይትፊሽ፦ ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚሸከም ቀጭን ክር፣ ከ8 እስከ 12 ቁጥር ያለ መንጠቆ (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)፣ ከ3 እስከ 10 ግራም የሚመዝን ብልጭልጭ ማባበያ፣ ጫፉ ላይ ትል ወይም የአሳ እንቁላል። ማባበያው ወለሉን ሁለት ሦስት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ ደለሉ ሲጨስ አሳው ሌላው እየበላ ነው ብሎ ይጠጋል። ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ዝም ማለት ነው። ዋይትፊሽ ሲነክስ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ስለሚያነሳው ክሩ አይጎተትም፣ ይልቁንም ይላላል። ጀማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። መንትፎ የሳበ ደግሞ ከንፈሩን ቀድዶ ይቀራል።

ለሐይቅ ትራውት፦ ከ4 እስከ 6 ኪሎ የሚሸከም ክርና ከ7 እስከ 15 ግራም እርሳስ ያለው፣ ጣት የሚያህል ነጭ የላስቲክ አሳ። ይህ ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ላይ እየሳቡ፣ እየለቀቁ ነው። ትራውቱ ከተከተለ ፍጥነት ይጨመራል እንጂ አይቆምም፣ የቆመ ነገር ያጠራጥረዋል። አሳው ቀዳዳው አፍ ሲደርስ ክሩ ከበረዶው ጠርዝ ጋር እንዳይፋተግ ጭንቅላቱ እስኪቀና መጠበቅ ነው። ክር የሚበጠሰው በአብዛኛው በዚያች በመጨረሻዋ ክንድ ላይ ነው።

ቧንቧ_ውሃ (ደሴ)

ሐይቅ በረዶ ቢሠራ ኖሮ ብርዳሙ ቦሩ ሜዳ ላይ የሚኖር ሰው ባልተገኘ ነበር! ግን የምር፣ ውርጩ በኅዳር ሣሩን ነጭ እስኪያደርገው ድረስ ይመጣል። ሐይቁ ላይ ለምን ስስ ሽፋን እንኳ አይሠራም?

አንካርካ (ሐይቅ ከተማ)

ጥያቄህ ቀልድ ቢመስልም የጦሳ_ሥር ሁለተኛ ጥያቄ መልሱ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ነው። የብርዳም አገር ሐይቅ በመከር ሲቀዘቅዝ የላዩ ውሃ እየከበደ ይሰምጣል፣ የታቹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይህ ሁሉም 4 ዲግሪ እስኪደርስ ይቀጥላል። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን ተመልሶ ይቀልላል። ስለዚህ ከላይ ይንሳፈፍና ዜሮ ላይ በረዶ ይሆናል፣ ክዳን ማለት ነው። ከክዳኑ በታች ያለው ውሃ በመከር ሲገላበጥ አየር ጠግቧል። ትራውት በጥር 30 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚንሸራሸረው ለዚህ ነው።

የእኛው ሐይቅ በቀዝቃዛው ወር እንኳ ከ15 ዲግሪ አይወርድም። የአንድ ሌሊት ውርጭ ሣር ላይ ያለችውን ጠል በረዶ ያደርጋታል እንጂ እስከ 88 ሜትር የሚጠልቅ ውሃ ያከማቸውን ሙቀት አይጨርስም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንካርካ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ አለ፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። በአብዛኛው የዓመቱ ወራት ሞቃቱና ቀላሉ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቀዝ ያለው ከታች ሆኖ ሳይገናኙ ይኖራሉ። ከላይ የሚሞተው አረንጓዴ ነገር ወደ ታች ይወርዳል፣ እዚያ ሲበሰብስ ያለውን ኦክስጅን ይበላዋል። ጥልቁ ውስጥ ለአሳ የሚሆን አየር የለም።

እንግዲህ «ከወለል አንድ ስንዝር ከፍ» የሚለው የበረዶ አገር ሕግ ሐይቁ መሐል ላይ አይሠራም። ክርህን 50 ሜትር ብታወርደው የምታጠምደው ባዶ ውሃ ነው። ቀጥ ያለው ክር ይሠራል፣ ጥልቀቱ ነው መለወጥ ያለበት። ወለሉ ከ2 እስከ 8 ሜትር በሆነበት፣ ከሸምበቆው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት መስመር ላይ መልህቅህን ጣል።

ጦሳ_ሥር

አሏህ ይስጥልኝ። ታዲያ ትራውቱን ራሱን አምጥተን ብንጨምርስ?

አንካርካ

ተወው ወንድሜ። ትራውት በደንብ የሚያድገው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ባለ ውሃ ነው፣ ከ20 ሲያልፍ ይጨነቃል፤ እንቁላሉንም የሚጥለው ንጹህ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ውስጥ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ ያሉት ወንዞች በፈረንጅ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶላቸው የተስማማው ብርድም ጠጠርም ስላላቸው ነው። ሐይቅ ሁለቱም የለውም። ደግሞም አንድ እንግዳ አስገብተናል፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ራሱ የዛሬ ስንት ዓመት፣ በ1970 ዓ.ም. ገደማ፣ ተጨምሮ ነው የበዛው። ከዚያ በፊት የሐይቁ ባለቤት አምባዛ ነበር። በየጊዜው እንግዳ እየጨመሩ ምን ይሆን ይሆን ማለት ደግ አይደለም።

ሎጎ_ዳር (ሐይቅ ከተማ)

የዕቃውን ነገር ለእኔ ተዉት። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በሚገኝ ዕቃ ነው የምናገረው።

ዘንግ፦ ከጀልባ ከሆነ ረጅም ሸምበቆ ያስቸግራል፣ ጫፉ የቀጠነ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ቀርከሃ ይበቃል። ክር፦ ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ለአምባዛ 0.45። መንጠቆ፦ ለቆሮሶ 8 ወይም 10 ቁጥር። ብዙ ሰው ትልቅ መንጠቆ ትልቅ አሳ ያመጣል ይላል፤ ቆሮሶ ግን አፉ ጠባብ ስለሆነ ጉርሻውን ጠርዝ ጠርዙን በልቶ መንጠቆውን አጽድቶ ይመልስላችኋል።

እርሳስ፦ ጎሚስታ ቤት ሂዱና ከቸርኬው ጠርዝ የተነቀለ አሮጌ ማመጣጠኛ ጠይቁ። ሁሉም እርሳስ አይደለም፣ ብረትና ዚንክ አለበት፤ በጥፍር ሲጫር መስመር የሚይዘው ነው እርሳስ። ከ3 እስከ 5 ግራም የሚሆን ቁራጭ በመዶሻ ጠፍጥፉና ከመንጠቆው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ክሩ ላይ በፒንሳ ጠቅልሉት። በጥርስ እንዳትነክሱት፣ መርዝ ነው፤ እጃችሁንም ታጥባችሁ ብሉ።

ተንሳፋፊ፦ ያለቀ የነጠላ ጫማ ሶል። በሁለት በሦስት ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ በወፍራም መርፌ ብሱ፣ ክሩን አሳልፉ፣ ቀዳዳው ላይ የክብሪት እንጨት ሰክታችሁ አጥብቁት። እንጨቱን ነቅሎ ከፍ ዝቅ በማድረግ ጥልቀት ይለወጣል። ትክክል የሚሆነው ከውሃው በላይ የሚታየው ጫፉ ብቻ ሲሆን ነው። ግማሹ ከታየ ቆሮሶ ሲነካው ክብደቱ ተሰምቶት ይተፋዋል፤ ወይ ሶሉን አሳንሱ ወይ እርሳስ ጨምሩ።

ቋጠሮ፦ ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፉ፣ ትርፉን በዋናው ክር ዙሪያ 5 ጊዜ ጠምዝዙ፣ ጫፉን ዓይኑ አጠገብ በቀረችው ቀለበት መልሱ። ከዚያ በምራቅ አርሱትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ደረቁን የተሳበ ናይለን ሲፋተግ ይሞቃል፣ ይኮማተራል፣ ከቋጠሮው ላይ ይበጠሳል። አዲስ ክር ገዝተው «ክሩ ፎርጅድ ነው» የሚሉ ብዙዎች ጥፋቱ የቋጠሮው ነው።

ማጥመጃ ምግብ፦ የምድር ትል ቢገኝ እሰየው። በበጋ ሲጠፋ ሊጥ። 2 ሲኒ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ሲኒ በደንብ የተወቀጠ የኑግ ፋጉሎ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ ጆሮን ሲቆነጥጡ እንደሚሰማው እስኪለሰልስ ማሸት። ዋናው ምስጢር ጥጥ ነው፦ ቆንጥራችሁ በታትናችሁ አብራችሁ እሹት፤ ያለሱ ሊጡ በሦስት ደቂቃ ሟሙቶ ባዶ መንጠቆ ትጠብቃላችሁ። ጉርሻው ከሽንብራ አይብለጥ። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ እፍኝ ፋጉሎ ዙሪያውን መበተን አሳውን ያቆየዋል። እፍኙ ሁለት ሲሆን ግን ይጠግብና ይሄዳል።

በረዶ ላይ ሰውየው አይንቀሳቀስም፣ ቀጥ ያለው ክር የሚያምረው ለዚያ ነው። ጀልባ ግን ይዞራል። ስለዚህ መልህቁ ሁለት ይሁን፣ ከፊትና ከኋላ፤ ድንጋይ የሞላ ጆንያ ይሆናል፣ ገመዱ የጥልቀቱ ሁለት እጥፍ። በአንድ መልህቅ የታሰረ ጀልባ በነፋስ ሲወዛወዝ ተንሳፋፊው ይጎተትና አሳ የነከሰ ይመስላል።

ወለሉን መታ መታ የማድረጉ ነገር ለቆሮሶ አይሠራም። ቆሮሶ በአብዛኛው አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ያለውን ጥቃቅን ተክል የሚበላ ነው፣ ብልጭታም አቧራም አያሳድድም። ዝም በሉ።

የቦርከና_ዳር (ኮምቦልቻ)

ሎጎ_ዳር ሁሉን ብለህ አምባዛን ረሳህ። ለአምባዛ ቀጥ ያለው ክር ከነመታ መታው ይሠራል፣ ደለል ሲነሳ ይመጣል። 1/0 ቁጥር (ትልቁ) መንጠቆ፣ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ 20 ግራም እርሳስ፣ ወለል ላይ። ሰዓቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። የደረቱ ክንፍ ላይ ያለው እሾህ ተቆልፎ ስለሚቆም በባዶ እጅ ከጎን አትያዙት፤ ከጭንቅላቱ በስተኋላ በጨርቅ። ቅርፊት የለውምና አንበላም የሚሉ ስላሉ ከመሸጣችሁ በፊት ለገዢው ንገሩ።

ሌላው፣ ይህን ሁሉ ከመልፋት የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ አፍ ላይ መበተን አይቀልም ነበር? ድሮ ይደረግ ነበር አሉ።

አንካርካ

ኧረ በአላህ! ብርብራ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፣ ጫጩቱንና የሚበላውን ነፍሳት አብሮ ነው የሚፈጀው። መርዝና ፈንጂ በዓሣ ሀብት አዋጁም (ቁጥር 315/1995) ክልክል ነው። ቀላል ያልከው ነገር የከርሞውን አሳ ዘንድሮ መጨረስ ነው።

ይልቅ ስለ ጫጩት ከተነሳ፦ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል የማይሞላ አሸዋማ ዳር ላይ እንደ ሰፌድ ክብ የሆኑ ጉድጓዶች ካያችሁ ከዚያ ራቁ። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ወንዱ ቆሮሶ ነው። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ በአፏ ትለቅመዋለች፣ ጫጩቶቹም መጀመሪያ የሚኖሩት እዚያው አፏ ውስጥ ነው። መንጠቆ ስትይዛት ትተፋቸዋለች። ጀልባ ውስጥ የተተፋ ጫጩት እናቱን ብትመልሱም አይመለስም።

ትንንሾቹን እመልሳለሁ ለሚል ደግሞ አንድ ልዩነት አለ። ትራውትና ዋይትፊሽ የአየር ከረጢታቸው ከጉሮሯቸው ጋር በቱቦ የተገናኘ ስለሆነ ከጥልቅ ሲወጡ አየሩን ያስወጡታል። ቆሮሶ ያ ቱቦ የለውም። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከውሃው ፊት በእጥፍ ይበልጣል፤ ፈጥናችሁ ብትስቡት ሆዱ ይነፋና ስትለቁት በጎኑ ተንሳፎ ይቀራል፣ ለአሞራ። መመለስ ካሰባችሁ ክራችሁን ከ4 ሜትር አሳልፋችሁ አታውርዱ፣ እጃችሁንም አርጥባችሁ ያዙት፤ ደረቅ እጅ ልጋጉን ይገፍፈዋል።

ፎርኖ_ሰፈር (ደሴ)

በጥያቄ ላቋርጣችሁ። በታኅሣሥና በጥር አንዳንድ ጠዋት አሳው ራሱ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል ይባላል። ያን ቀን ማጥመድ ይቀላል ማለት ነው?

አንካርካ

በተቃራኒው፣ አይበላም። ብርዱና ነፋሱ ሲበረታ የላዩ ውሃ ይከብድና ይሰምጣል፣ ከታች ያ አየር የሌለው ውሃ ይወጣል። አሳው ላይ የሚመጣው ለመተንፈስ ነው። አፉን የሚከፍት አሳ ለመንጠቆ ግድ የለውም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለ ደግሞ ውሃው መገልበጡን እወቁ። የሞተ ተንሳፎ የተገኘ አሳ መቼ እንደሞተ አይታወቅምና ለቅማችሁ ገበያ አታውጡ። አምባዛ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው እንዲህ ያለውን ቀን ይቋቋማል።

የኮምቦልቻዋ (ኮምቦልቻ)

ሦስተኛው ጥያቄ የኔ ነው፤ ወንዶቹ ካወጡት በኋላ ያለው አይታያቸውም።

ካናዳ ያለው ወንድማችን አሳውን በረዶው ላይ ጣል ያደርገውና ይረሳዋል። እኛ ጋ ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከዚያም አልፎ ቁልቁል ወርዶ ሙቀት ውስጥ። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው አሳው ከውሃ ሲወጣ እንጂ መኪና ሲነሳ አይደለም። ጀልባው ወለል ላይ እየተፈራገጠ የሞተ አሳ ሥጋው ቶሎ ይልማል። እንደተያዘ ጭንቅላቱን በዱላ አንዴ መምታት፣ ከጆሮ ክዳኑ ሥር ያለውን ቀይ ክፍል በቢላ ቆርጦ ደሙን ማፍሰስ፣ ሆዱን ከፍቶ ማጽዳት። ሆዱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ስስ ሽፋን በጨርቅ ጥረጉት፤ የጭቃ ጣዕም አለው የሚባለው ቆሮሶ ብዙ ጊዜ ይህ ያልተጠረገለት ነው። ሐሞቱ ከፈሰሰ ወዲያው እጠቡ፣ ሥጋው ላይ ቢጫ ምልክት ከተወ ያን ቦታ ቁረጡት።

በረዶ፦ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሞልታችሁ (አፉ ጋ አራት ጣት ክፍት ትታችሁ፣ ያለዚያ ይፈነዳል) ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። ማለዳ ተይዞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ደሴ ለሚገባ 10 ኪሎ አሳ 5 ኪሎ በረዶ፣ ኮምቦልቻ እስከ ቀትር ለሚቆይ 10 ኪሎ። ሃይላንዱን እንዳለ ከማስቀመጥ ቀድዶ በረዶውን መከስከስ ይሻላል፤ ጠርሙስ አሳውን የሚነካው በአንድ ጎኑ ነው፣ ፍርፋሪ ግን ሆዱ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። የፎም ሳጥን፣ ከታች በረዶ፣ አሳው ሆዱ ወደ ታች፣ ከላይ በረዶ፣ እንደ ድርብርብ። ሳጥኑ ግርጌ ጥግ ላይ ቀዳዳ ይኑር። የቀለጠው ውሃ ካልወጣ አሳው በደምና በልጋግ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ በረዶ እያለም ይሸታል።

አምባዛን በረዶ ውስጥ መክተት አያስፈልግም፣ በረጠበ ጆንያ ሕያው ሆኖ ይደርሳል። ጆንያውን ግን በየመንገዱ አርጥቡ፣ በላስቲክም አትሸፍኑት።

ገዢዎች ደግሞ እጃችሁን ተጠቀሙ፦ በጣት ተጭናችሁ የጎደጎደው ወዲያው ካልሞላ ተዉት። ዓይኑ ያበጠና ጥርት ያለ፣ የጆሮ ክዳኑ ሥር ቀይ መሆን አለበት። በሁዳዴ ዋጋ ሲወጣ የትናንቱን ከዛሬው የሚቀላቅል ነጋዴ ስላለ አንዱን አይታችሁ ሁሉን አትመኑ። ፊሌቶ ለሚያወጣም ልንገር፦ ከ10 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ ከ3 እስከ 3 ኪሎ ተኩል ሥጋ ነው የሚገኘው። የፊሌቶ ዋጋ የሙሉው ሦስት እጥፍ ሲሆን ማጉረምረም የለም። አጥንትና ጭንቅላቱን አትጣሉ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ መረቅ ይሆናል።

ጦሳ_ሥር

እቴ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም፣ ኑሪልኝ። አንድ ብቻ ቀረኝ፦ መልህቁ ወለል ላይ ተይዞ እምቢ ቢልስ? ጀልባው በነፋስ ሲጎተት መገልበጥ አያመጣም?

ሎጎ_ዳር

ያመጣል፣ በተለይ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ። ጆንያውን በወፍራሙ ገመድ በቀጥታ አትሰሩት። በጆንያውና በገመዱ መሐል አንድ ክንድ ቀጭን ሲባጎ አስገቡ፤ ድንጋዩን ለማንሳት የሚበቃ፣ ሰው በኃይል ሲጎትት ግን የሚበጠስ። ሲያዝ ሲባጎው ይሄዳል፣ የምትከስሩት ጆንያና ድንጋይ ነው። ጀልባው ውስጥ በሰው ቁጥር የተነፋ ካላማዳሪያ ይኑር። ገመድ የምትቆርጡበት ቢላም ኪስ ውስጥ ሳይሆን እጅ በሚደርስበት፣ ጀልባው ጠርዝ ላይ ታስሮ ይቀመጥ።